«አሁን ምን እያነበብሽ ነው?»

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጥያቄ ሰው ድንገት ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ማንበብ ትወዱ እንደሆነ አይደለም የምጠይቃችሁ። በዚህ ሳምንት ራስጌያችሁ ወይም ቦርሳችሁ ውስጥ ያለው፣ ገጹ የታጠፈው መጽሐፍ የትኛው ነው?

እኔ ተጠይቄ ዋሽቻለሁ።

የመጋቢ ሚስት ነኝ፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅም ተመራቂ ነኝ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በእህቶች ኅብረት ላይ ቡና ተፈልቶ ቶናው እየተቀዳ ሳለ፣ በቅርቡ ወደ ኅብረታችን የመጣች አንዲት ወጣት በየዋህነት «እትዬ፣ እርስዎ አሁን ምን እያነበቡ ነው?» አለችኝ። ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ወዲያው የአንድ ወፍራም የነገረ መለኮት መጽሐፍ ስም ጠራሁ። እህቶችም በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ።

እውነቱ ግን ያ መጽሐፍ አልጋዬ አጠገብ ከተቀመጠ ሁለት ዓመት አልፎታል። ምልክቱ ያለው ገጽ 31 ላይ ነው። ላዩ ላይ የመነጽሬ ማኅደርና የራስ ምታት ኪኒን ይቀመጥበታል። ያን ሰሞን በእውነት የማነበው ልብ ወለድ ነበር።

የባሰው ከእኔ መልስ በኋላ የሆነው ነው። ጥያቄው ዙሪያውን ሲዞር አንዷ «እኔ እንኳ ጊዜ የለኝም» አለች፤ ሌላዋ «እኔ ለንባብ ሰነፍ ነኝ» አለች፤ ሦስተኛዋ ዝም ብላ ስኒዋን ተመለከተች። የእኔ ትልቅ መጽሐፍ የሁሉንም አፍ ዘጋ።

ከፍራሹ ሥር

ልብ ወለዱ እንዴት እጄ እንደ ገባ ላጫውታችሁ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃችንን አንሶላ ስቀይር ከፍራሹ ሥር ዳር ዳሩ ያለቀ አንድ መጽሐፍ አገኘሁ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በ1958 ዓ.ም. ታትሞ የወጣ፣ በኋላም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ሰው ሥራውን ትቶ ያዳመጠው መጽሐፍ ነው። የሚደበቅ ነገር አልነበረም። ይሁን እንጂ በእኛ ቤት «መንፈሳዊ» እና «ዓለማዊ» የሚባሉ መጻሕፍት አንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ልጃችን ይህን ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች። ስለዚህ ደበቀችው።

ልገሥጻት አስቤ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ምን እያነበበች እንደሆነ ልየው ብዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ያህል ከማወቄ በቀር መጽሐፉን ጨርሼ አንብቤው አላውቅም። ሳላስበው የምሳ ሰዓት አለፈ፤ ወጡም አረረ።

በመጽሐፉ ውስጥ በዛብህ የሚባል ወጣት አለ። ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር አገልግሎት ተስለውታል። ካደገ በኋላ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ይደረጋል፤ በትምህርቱ መካከልም ፍቅር ይገባል። ያን ጊዜ ስእለቱ ይከብደዋል፤ የተሳለው እርሱ ራሱ አይደለምና። ልጃችን እዚህ ቦታ ላይ ኅዳጉን በእርሳስ አስምራበታለች። ያ የእርሳስ መስመር ልቤን ወጋው።

ማታ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ «እስከ የት ደረስሽ?» አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ቁጣ ስትጠብቅ ጥያቄ መጣላት። ጥቂት ዝም አለችና «እማዬ፣ እኔንም ሳትጠይቁኝ ተስላችሁብኛል እንዴ?» አለችኝ።

አባቷ በሕፃንነቷ ጉባኤው ፊት አቅፎ ለጌታ ሲያቀርባት «ይህች ልጅ አገልጋይ ናት» ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያያት ሁሉ «እንደ እናትሽ መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ትገቢያለሽ» ይላታል። እርሷ ግን የእንስሳት ሐኪም መሆን ትፈልጋለች። ይህን ሁለት ዓመት በሆዷ ይዛ ኖራለች። እኛ ጠይቀናት የማናውቀውን ጥያቄ የበዛብህ ታሪክ ጠየቃት።

በዚያ ምሽት ስለ ሳሙኤል አወራን። ሐናም ልጇን ከመፅነሷ በፊት ተስላ ነበር፤ ጡት ካስጣለችውም በኋላ ወደ ሴሎ ወስዳ ለካህኑ ለዔሊ ሰጠችው። ሆኖም በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3 ላይ እግዚአብሔር ብላቴናውን በገዛ ስሙ ጠራው። በእናቱ በኩል መልእክት አልላከበትም። «ወላጅ ልጁን ማቅረብ ይችላል፤ መጥራት የእግዚአብሔር ነው፤ መልሱ ደግሞ የአንቺ ነው» አልኳት። እውነቱን ልናገርና ይህን ስል ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ የራሴን ምኞት እየለቀቅሁ ነበርና። አባቷ ነገሩን ሲሰማ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ጠዋት ግን «እስቲ ያን መጽሐፍ ስጡኝ» አለ።

በሠረገላው ላይ

ያን ሰሞን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ከአእምሮዬ አልጠፋም። መጽሐፍ ቅዱሳችን ኢትዮጵያዊ ብሎ የሚጠራው የንግሥት ህንደኬ ባለሥልጣን ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ስለነበረ ፊልጶስ ምን እያነበበ እንደሆነ ሰማና የሚያነበውን ያስተውል እንደሆነ ጠየቀው። ሰውዬው የንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ አዛዥ ነው። ሆኖም የሚመራው ሰው ካላገኘ ማስተዋል እንደማይችል ሳያፍር ተናገረ። እስቲ አስቡት፤ ክብሩን ለመጠበቅ «አዎን፣ ገብቶኛል» ቢል ኖሮ ፊልጶስ ሠረገላው ላይ ባልወጣ ነበር። እኔ ግን በዚያ ረቡዕ ክብሬን ጠብቄ ማንም አጠገቤ እንዳይቀመጥ አደረግሁ።

ምናልባት ከእናንተ መካከል «ልብ ወለድ ለአማኝ ምን ይረባዋል?» የሚል ይኖራል። እኔም ለብዙ ዓመት ስጠይቅ ኖሬአለሁ። ነገር ግን እስጢፋኖስ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7 ሙሴ የግብፃውያንን ጥበብ ሁሉ መማሩን ይናገራል። ዳንኤልና ጓደኞቹ የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ ተምረዋል። ጳውሎስም በአቴና ሲሰብክ የግሪክ ባለቅኔዎችን ጠቅሷል። ይኸው ሐዋርያ ከእስር ቤት ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ በርኖሱን ብቻ ሳይሆን መጻሕፍቱንም እንዲያመጣለት ለምኗል። ይህን ስል ማንኛውም መጽሐፍ ለማንኛውም ዕድሜ ይሆናል ማለቴ አይደለም። መለየት የእናትና የአባት ሥራ ነው። መለየት የምንችለው ግን መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ነው። ፍራሽ ሥር ያለውን መጽሐፍ ልጁ ብቻውን ይጋፈጠዋል።

እህቶች የነገሩኝ

በሚቀጥለው ረቡዕ ቡናው ከመቅረቡ በፊት እህቶችን ይቅርታ ጠየቅሁ። «ያን መጽሐፍ ከገጽ 31 አላለፍኩም፤ የማነበው ፍቅር እስከ መቃብርን ነው» ስል መጀመሪያ ጸጥታ ሆነ፤ ቀጥሎም ሳቅ። ከሳቁ በኋላ ጥያቄው እንደገና ዙሪያውን ዞረ። የሰማሁትን እነሆ።

ቤይሩት ሰባት ዓመት ሠርታ የተመለሰች እህት፣ ጆን በንያን ስለ ክርስቲያን መንገደኛ የጻፈውን መጽሐፍ እያነበበች ነው። ስትሄድ ሻንጣዋ ውስጥ የከተተችው እርሱን ነበር። ሌሊት ወጥ ቤት ውስጥ ደጋግማ አንብባዋለች። በንያን ያለ ፈቃድ ሰብከሃል ተብሎ በእንግሊዝ አገር በቤድፎርድ 12 ዓመት የታሰረ ሰው ነው። መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1678 ወጣ። ይህን ስነግራት «ለካ እርሱም ተቆልፎበት ነበር!» አለች። «አሁንም ያንኑ መጽሐፍ ነው የማነበው፤ ዛሬ ግን በሩ ክፍት ነው።»

በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ማታ ማታ የምትማር አንዲት ወጣት ደግሞ «እኔ የአራተኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ ነው የማነበው» አለች። መጽሐፉ የአሠሪዋ ልጅ ነው። እርሱ ሲተኛ ታነበዋለች፤ ጠዋት ቁርሱን እየበላ ይጠይቃታል። ስታጠፋ ያርማታል፤ እርሱ ሲያጠፋም ታርመዋለች።

የሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ መጽሐፍ የምትሰማው ታክሲ ውስጥ በስልኳ ነው። «ይህ ንባብ ይባላል?» ብላ ጠየቀች። ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ የሰማው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል አልኳት።

አንዲት እናታችን «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የልጅ ልጄ መዝሙረ ዳዊት ያነብልኛል» አሉ። «ወደ ጨዋታው ለመሄድ ሲቸኩል አንድ ሁለት መስመር ይዘላል። እኔ በቃሌ ስለማውቀው እይዘዋለሁ!»

በመጨረሻ ባለፈው ሳምንት ስኒዋን ስትመለከት የነበረችው እህት ተራዋ ደረሰ። ቦርሳዋን ከፍታ የታጠፈች ቀጭን መጽሔት አወጣች። ስለ ስኳር በሽታ ከሐኪም ቤት የተሰጠች ናት። «ይህችን ነው የማነበው። አራት ጊዜ አንብቤአታለሁ፤ ብዙው አልገባኝም» አለች። ባለቤቷ ከታመመ አምስት ወር ሆኖታል፤ ማናችንም አናውቅም ነበር። ነርሷ ተነሥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ መጽሔቷንም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው አብረው አነበቡ። ያን ቀን በረካውን የጠጣነው ጸልየን ነው።

በዚያ ክፍል ውስጥ የፊልጶስን ሥራ የሠራችው ነርሷ ናት። እንድትነሣ ያደረጋት ግን የሌላይቱ «አልገባኝም» ማለት ነው።

ለቤታችን

ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናቴ እኔን በጀርባዋ አዝላ ሀ ሁ ቆጠረች። ዘመቻው በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ 15 ቋንቋዎች ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ ከዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል። የእናቴ ሽልማት መጽሐፍ ቅዱሷን ራሷ ማንበብ መቻሏ ነበር። ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ፣ ድምፅዋን አውጥታ፣ ቃል በቃል ታነብ ነበር። ንባብን የወደድኩት ያን ጣት እያየሁ ነው። የእኛ ልጆችስ ስናነብ አይተውን ያውቃሉ?

እንግዲህ በቤታችን የጀመርነውን ላካፍላችሁ። ማታ ከእራት በኋላ ቴሌቪዥኑን አጥፍተን ለሩብ ሰዓት ያህል አንዱ ያነባል፤ ሌላው ይሰማል። ልጆቻችንን ስንጠይቅ ጥያቄው ፈተና እንዳይሆን እንጠነቀቃለን። «ከዚህ ታሪክ ምን ተማርክ?» ከማለት «ማን አሳዘነህ? እስከ የት ደረስክ?» ብንል ልጁ ራሱ ያወራናል።

መጽሐፍ መወደዱን አውቃለሁ። ስለዚህ መዋዋስን እንልመድ፤ አሮጌ መጽሐፍ መግዛትንም አንናቅ። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ አራት ኪሎ አካባቢ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከልጆቻችሁ ጋር ሂዱና እዩት። በየአጥቢያችንም መጻሕፍት የተቆለፈበት ቁም ሣጥን አይጠፋም። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ። የእኛ አጥቢያ ቁልፍ የተገኘው በእኔው መሳቢያ ውስጥ ነው!

ልጃችን አሁን የምታነበው ስለ ከብት በሽታዎች የተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ የሚቀመጠውም ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ነው። አባቷ ፍቅር እስከ መቃብርን ሊጨርስ ጥቂት ገጽ ቀርቶታል፤ መጨረሻውን እንዳንነግረው አስጠንቅቆናል። እኔም ወደ ወፍራሙ መጽሐፌ ተመልሻለሁ። ትናንት ማታ ገጽ 44 ደርሻለሁ፤ ገጽ 38 ላይ ያለው ግን አልገባኝም። የገባው ካለ ይምጣና አጠገቤ ይቀመጥ፤ ቡና አፈላለሁ።

እናንተስ፣ ውድ አንባቢያን፣ አሁን ምን እያነበባችሁ ነው? ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።