በአዳማ ዙሪያ ያሉ ታሪካዊ ሥፍራዎችና ዐጸዶች

«ዐጸድ» የሚለው ቃል የተክል ቦታንም የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢንም ያመለክታል። ይህ የቃሉ ሁለትነት በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ዙሪያ ላሉት ታሪካዊ ሥፍራዎች የሚስማማ ነው። በጃፓን ካናዛዋ ከተማ የሚገኘው የኬንሮኩኤን ዐጸድ መሳፍንት ያስተከሉት፣ በ1874 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የተከፈተ የአትክልተኞች እጅ ሥራ ነው። በዚህ አገር ግን ዛፉንና ውሃውን ያስከበረው ከአትክልተኛ ይልቅ የእምነት ሥርዐት ነው።

ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ቢሾፍቱ ሲደርስ የሆራ አርሰዲን ሐይቅ ያገኛል። ኦሮሞዎች ከመስቀል በዓል ቀጥሎ በሚውለው እሑድ ለምለም ሣርና አበባ ይዘው ወደ ዳርቻው ይወርዳሉ፤ ሣሩንም በውሃው እየነከሩ፣ ክረምቱን ላሳለፋቸው ለዋቃ ምስጋና ያቀርባሉ። ይኸውም የኢሬቻ በዓል ነው።

ከቢሾፍቱ በስተደቡብ የዝቋላ ተራራ ይታያል። ቁመቱ ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ ሐይቅ፣ በዙሪያውም የጽድ ደንና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለ። በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ብዙ ምእመናን ይሳለሙታል። የኦሮሞ ነባር እምነት ተከታዮችም ተራራውን ያከብሩታል፤ ስለዚህ አንዱ ሥፍራ የሁለት ሥርዐቶች መገናኛ ሆኗል።

ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ዝዋይ ወደምትባለው ወደ ባቱ ከተማ ያደርሳል። በሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ወጥታ የተጠለለችው በዚሁ ደሴት፣ በደብረ ጽዮን ነው። ትውፊቱ እንደ ታሪክ ማስረጃ ባይቆጠርም፣ በደሴቶቹ የተጠበቁት የብራና መጻሕፍት የክርስትናውን ጥንታዊነት ይመሰክራሉ። የደሴቶቹ ነዋሪዎች ዛዮች ከሐረሪና ከስልጤ ጋር የሚዛመድ የሴም ቋንቋ ይናገራሉ፤ ገደሉንም በድንጋይ እርከን አልምተው አርሰውታል።

ይሁን እንጂ የሥርዐቱ ጥበቃ ወሰን አለው። ገዳም በዐጸዱ ውስጥ ያለውን ዛፍ ከመቈረጥ ሊከላከል ይችላል፤ ከሩቅ የሚቀዳውን ውሃ ግን ሊያስቀር አይችልም። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚመገበው የአቢያታ ሐይቅ፣ ውሃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ ሥራ በመወሰዱ፣ ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት እጅግ ሸሽቷል። ስለዚህ እነዚህን ሥፍራዎች ለመጠበቅ የሚያስብ ሁሉ ሥርዐቱንና ውሃውን ሳይነጣጥል ሊመለከት ይገባዋል።