የጤና መድኅን በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ፦ ስለ ወራት ሠራተኛው፣ ስለ ድሃው ቤተሰብና ስለ ጡረተኛው

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በአገራችን በሙከራ ደረጃ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ነበር። ከአማራ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ሲሆኑ፣ ሦስቱም አብዛኛው ነዋሪ ቤት ሠርቶ፣ መሬት ይዞ፣ በቀበሌው መዝገብ ላይ ስሙን አስፍሮ የሚኖርባቸው ወረዳዎች ናቸው። የመድኅኑ አሠራርም የተቀረጸው ይህንኑ ዓይነት ነዋሪ ታሳቢ በማድረግ ነው። አባልነቱ በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ ነው፤ መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ፣ አርሶ አደሩ ምርቱን ሰብስቦ ገንዘብ ሲያገኝ ይከፈላል፤ የተሰበሰበው ገንዘብ በወረዳው ቋት ይቀመጣል፤ ወረዳው ደግሞ ከተወሰኑ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ጋር ውል ይገባል። አባሉ ሲታመም ውል ወደ ተገባበት ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ መታወቂያውን አሳይቶ፣ በዕለቱ ሳይከፍል ይታከማል። ሕመሙ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ከሆነ የሪፈራል ወረቀት ይዞ ወደ ሆስፒታል ይላካል። በሙከራው ወቅት በተደነገገው መሠረት ሪፈራል ሳይዝ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሄደ አባል የወጪውን ግማሽ ራሱ ይሸፍን ነበር።

አሠራሩ ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም። እድር ለቀብር፣ የቃሬዛ ማኅበር ደግሞ ሕመምተኛን ተሸክሞ መኪና መንገድ ለማድረስ ከጥንት ጀምሮ ያገለገሉ የመረዳጃ ሥርዓቶች ናቸው። መድኅኑም በየቦታው በፍጥነት ተቀባይነት ያገኘው በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስላል። ይሁንና አንድ ቦታ ረግቶ ለሚኖር ቤተሰብ የተሰፋው ልብስ፣ ወራትን ተከትሎ ለሚንቀሳቀስ ሰው ልክ ሊሆን አልቻለም። ይህ ጉድለት ጎልቶ የሚታየው በሱዳን ድንበር ላይ በተዘረጋው በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ነው።

እነዚህ ወረዳዎች የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ናቸው። ሰኔና ሐምሌ ሲዘራ፣ ቀጥሎም ሲታረም፣ ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ ሰሊጡ ሳይረግፍ መታጨድ ስላለበት፣ በአካባቢው አጠራር «ሳሉግ» የሚባሉ የወራት ሠራተኞች ከደንቢያ፣ ከፎገራ፣ ከሊቦ ከምከም፣ ከጎጃምና ከወሎ ወደ ሰሜን ምዕራቡ ቆላ ይወርዳሉ። ቁጥራቸው በመቶ ሺዎች ይገመታል። አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ናቸው። በእርሻው ጥግ በተተከለ ዳስ ወይም በግራር ሥር፣ ብዙ ጊዜም ያለ አጎበር ያድራሉ። የዋልካው ስንጥቅና የምስጥ ኩይሳ የካላዛር አስተላላፊ የሆነችው የአሸዋ ዝንብ መጠለያ ነው። ወባ፣ የእባብ ንድፊያና ተቅማጥም አብረው የሚመጡ የወቅቱ ሕመሞች ናቸው።

ጉዳዩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እናንሣ። የ20 ዓመት ወጣት ከፎገራ፣ ከወረታ አካባቢ ተነሥቶ ለአጨዳ መተማ ወረደ እንበል። አባቱ መድኅኑ ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ መዋጮውን ሳያቋርጥ የከፈለ አባል ነው። ወጣቱ ለብዙ ቀናት አተኮሰው፤ ከሳ፤ ከግራ ጎኑ በኩል ሆዱ አበጠ። ገንዳ ውኃ ወደሚገኘው መተማ ሆስፒታል ሲደርስ የመድኅን አባል መሆኑን ይናገራል። እዚህ ላይ ሁለት እንቅፋቶች ይገጥሙታል። የመጀመሪያው ዕድሜው ነው። በአሠራሩ መሠረት በመደበኛው መዋጮ የሚሸፈኑት ባልና ሚስት እንዲሁም ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆቻቸው ናቸው፤ ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ወይም አብሮ የሚኖር ዘመድ በቤተሰቡ መታወቂያ የሚካተተው ተጨማሪ መዋጮ ሲከፈልለት ብቻ ነው። ለሥራ ቆላ የሚወርደው ደግሞ በአብዛኛው ይኸው 18 ዓመት ያለፈው ልጅ ነው። ሁለተኛው እንቅፋት ውሉ ነው። የፎገራ መድኅን ውል የገባው በራሱ አካባቢ ካሉ ጤና ተቋማት ጋር ስለሆነ፣ መተማ ላይ ለተሰጠ አገልግሎት ማን ለማን እንደሚከፍል በውሉ ላይ አልተጻፈም። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ መታወቂያውን አይቶ «ይህ እዚህ አይሠራም» ቢል ከደንቡ አልወጣም፤ ታካሚው ግን ያለ ገንዘብ ቀርቷል።

በዚህ ጊዜ የጤና ባለሙያው አስቀድሞ ሊለይ የሚገባው ነገር አለ፤ ይኸውም ከክፍያ ነፃ የሆነውንና ክፍያ የሚጠየቅበትን ነው። የሳንባ ነቀርሳ፣ የኤች አይ ቪ፣ የእርግዝና ክትትልና የወሊድ፣ የክትባት እንዲሁም በወረርሽኝ ጊዜ የሚሰጡ አገልግሎቶች ከክፍያ ነፃ ናቸው። የወባ ሕክምናም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ የሚሰጥ ነው። የካላዛር መድኃኒቶችም፣ ማለትም ለ17 ቀናት የሚሰጡት ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን፣ እንዲሁም ኤች አይ ቪ ላለባቸው፣ ለእርጉዞችና ለአረጋውያን የሚመረጠው አምቢሶም፣ በሕክምና ማዕከላቱ ለታካሚው በነፃ ይቀርባሉ። ስለዚህ ለእነዚህ አገልግሎቶች የመድኅን መታወቂያ መጠየቅ ተገቢ አይደለም፤ ታካሚው መታወቂያ የለኝም ብሎ ሳይታከም ሊመለስ ይችላልና። የካላዛር ታካሚ የሚከስረው በሌላው ወጪ ነው። ተደራራቢ የባክቴሪያ ሕመም ሲኖር ለሚታዘዝ መድኃኒት፣ ለተጨማሪ ምርመራ፣ ለአስታማሚ ምግብ፣ ለመጓጓዣ ይከፍላል፤ በአጨዳው ወቅት ሳይሠራ የሚያልፈው የሦስት ሳምንት ደመወዝም አለ። ከእነዚህ ውስጥ መድኅኑ ሊሸፍን የሚችለው ምርመራውንና መድኃኒቱን ብቻ ነው። ምግቡና መጓጓዣው በማንኛውም ውል ውስጥ የሉም።

አሠሪው አይከፍልምን? የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሕክምና ወጪውን አሠሪው እንዲሸፍን ያስገድዳል። ነገር ግን ይኸው አዋጅ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ሲተረጉም፣ ሥራው በሚካሄድበት አካባቢ በነዋሪነት ወይም በወረርሽኝ መልክ የሚገኙ በሽታዎችን ከትርጉሙ ውጭ አድርጓል፤ ልዩነት ያደረገው በሽታውን ማጥፋት ሥራቸው ለሆነ ሠራተኞች ብቻ ነው። እንግዲህ ወባና ካላዛር በዚህ ቆላ ነዋሪ በሽታዎች በመሆናቸው ሳሉጉ በአዋጁ ካሳ ሊጠይቅባቸው አይችልም። በአረም ወይም በአጨዳ ላይ ሳለ እባብ የነደፈው ሠራተኛ ግን፣ እንደዚህ ጸሐፊ አረዳድ፣ የሥራ ላይ አደጋ የደረሰበት ስለሆነ የሕክምና ወጪው የአሠሪው ግዴታ ነው። በመሆኑም የሕክምና ማስረጃ ሲጻፍ «የእባብ ንድፊያ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ንድፊያው በምን ሥራ ላይ፣ በየትኛው እርሻ፣ በስንት ሰዓት እንደደረሰ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስፈር ለታካሚው ከመድኃኒቱ ቀጥሎ የሚጠቅም ነገር ነው።

የሳሉጉ ሕመም ሁልጊዜ መተማ ላይ አይወጣም። የካላዛር ምልክት ከተነደፉ በኋላ ለመታየት ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይፈጅበታል። ስለዚህ ብዙዎች የሚታመሙት ደጋ ወጥተው፣ የመድኅን መታወቂያቸው ወደሚሠራበት ቀያቸው ከተመለሱ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ችግሩ ከገንዘብ ወደ ምርመራ ይዞራል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የተነሣው የካላዛር ወረርሽኝ በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ብዙ ሰው አልቋል፤ በሽታው ከቆላ በተመለሱ ሠራተኞች አማካይነት እንደገባ ይታመናል። በወረታ፣ በአዲስ ዘመን ወይም በቆላድባ የሚሠራ ባልደረባችን ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳትና ያበጠ ጣፊያ ያለበትን ወጣት «ባለፈው ዓመት መተማ ወይም ሁመራ ወርደህ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የመድኅኑን ገንዘብም ተደጋግሞ ለሚታዘዝ ዋጋ ቢስ መድኃኒት ከመባከን ያድናል።

በቆላው በቋሚነት የሚኖረው ድሃ ቤተሰብ ነገር ሌላ ነው። መክፈል ለማይችሉ ወገኖች መዋጮውን ክልሉና ወረዳው ተጋርተው እንዲሸፍኑ ሥርዓት ተዘርግቷል፤ እነርሱም እንደ ማንኛውም አባል መታወቂያ ይይዛሉ። ተጠቃሚዎቹን የሚመርጠው ግን ቀበሌው ከነዋሪው ጋር ሆኖ ነው። በመተማ ዮሐንስና በገንዳ ውኃ ዳርቻ ሥራ ፍለጋ መጥተው የቀሩ፣ ጠላ ሸጠው ወይም እንጨት ለቅመው ልጆች የሚያሳድጉ ብዙ ሴቶች አሉ። የቀበሌ መታወቂያ ከሌላቸው ከድሆች ዝርዝር ውስጥ ሊገቡ አይችሉም፤ ከሁሉ የደኸየው ሰው ከመዝገቡ ውጭ የሚሆንበት ምክንያት ይህ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዞር እነዚህን ቤተሰቦች ታውቃቸዋለች። ምርጫው በሚካሄድበት ወቅት ዝርዝራቸውን ለቀበሌው ብታቀርብ ከማንም የበለጠ ተሰሚነት ይኖራታል።

የመዋጮው ወቅትም ሊታሰብበት ይገባል። በቆላው ገንዘብ በእጅ የሚገኘው ሰሊጥ በሚሸጥበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። የምዝገባው ዘመቻ ከዚያ ሁለትና ሦስት ወር ከዘገየ፣ ገንዘቡ ለብድር ተከፍሎ ወይም ለሠርግ ወጥቶ ያልቃል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ በመተማ ዮሐንስ በኩል ብዙ ስደተኛ ሲገባ፣ ጥቂት ወራት ቆይቶም በክልሉ ግጭት ሲቀሰቀስ፣ ንግዱም መንገዱም ተስተጓጉሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ መዋጮውን ያላደሰ ቤተሰብ ሁሉ በቸልተኝነት ሊወቀስ አይገባውም።

ወደ ጡረተኛው እንመለስ። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 የመደበኛውን ዘርፍ ሠራተኞችና ጡረተኞችን እንዲሸፍን ወጥቷል። በማስፈጸሚያው ደንብ መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 3 ከመቶ፣ አሠሪው 3 ከመቶ፣ ጡረተኛው ከአበሉ 1 ከመቶ፣ መንግሥትም ለጡረተኛው 1 ከመቶ እንዲያዋጡ ታስቦ ነበር። የሚጀመርበት ጊዜ በተደጋጋሚ ሲተላለፍ ግን ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ። ማኅበረሰብ አቀፉ መድኅን ደግሞ የተመሠረተው ከመደበኛው ዘርፍ ውጭ ላለው ሕዝብ በመሆኑ፣ በገንዳ ውኃ የሚኖር ጡረተኛ መምህር ወይም የቀድሞ ፊናንስ ፖሊስ ከሁለቱ መካከል ወድቋል። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በየወሩ መድኃኒት መግዛት አለበት፤ አበሉ ግን ከገበያው ዋጋ ጋር አላደገም። ጋና በ1996 ዓ.ም. ገደማ ብሔራዊ መድኅኗን ስታቋቁም፣ ዕድሜያቸው 70 የሞላቸውንና የማኅበራዊ ዋስትና ጡረተኞችን ከመዋጮ ነፃ አድርጋ፣ ካርዱም በአገሪቱ ውስጥ ዕውቅና ባለው ማንኛውም ተቋም እንዲሠራ ደንግጋለች። በእኔ አስተያየት ለጡረተኛውም ለሳሉጉም ትምህርት የሚሆነን ይህ ነው። ገንዘቡ በወረዳ ቋት ተከፋፍሎ እስከተቀመጠ ድረስ መታወቂያው ከወረዳው ወሰን ሊሻገር አይችልም። ቋቶቹን በዞንና በክልል ደረጃ የማዋሐዱ ሐሳብ በሙሉ ልብ ሊገፋበት የሚገባው ለዚህ ነው፤ ምዕራብ ጎንደርና ሠራተኛ የሚልኩለት አጎራባች ዞኖች በመካከላቸው የሒሳብ ማወራረጃ ውል ቢኖራቸው ግን ክልሉን ሁሉ ሳይጠብቁ መጀመር ይቻላቸዋል። ለአሠሪዎችም በወቅቱ መጀመሪያ ሠራተኛ ሲመዘግቡ ለአጭር ጊዜ የሚያገለግል መዋጮ እንዲከፍሉ ማድረግ፣ ከአጨዳ ወጪያቸው አንጻር ሲታይ ከባድ ሸክም አይሆንም።

ይህ እስኪሆን ድረስ በጤና ጣቢያው መስኮት የሚሠራ ሥራ አለ። ጡረተኛው ከአበሉ ሌላ በእርሻ ወይም በአነስተኛ ንግድ የሚተዳደር ከሆነ፣ «አንተን አይመለከትህም» ብሎ ከመመለስ በፊት የወረዳውን የመድኅን ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን ማስገኘት ይገባል። ከሌላ ወረዳ ለመጣ አባል የተሰጠው አገልግሎትና መድኃኒት በዝርዝር የተጻፈበት፣ የአባሉ የመታወቂያ ቁጥር የሰፈረበት ሕጋዊ ደረሰኝ ይሰጠው፤ ያለ ደረሰኝ የራሱን ወረዳ ገንዘቡን እንዲተካለት ሊጠይቅ አይችልም። ሕመሙ ድንገተኛ ከነበረ ያው በሕክምና ማስረጃው ላይ በግልጽ ይጻፍ። የታዘዘው መድኃኒት በጤና ተቋሙ ከሌለ በማዘዣው ላይ አለመኖሩ ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ መድኅኑ ውል ወዳለው መድኃኒት ቤት ይላክ። ለሳሉጉም፣ በመስከረም ሳይሆን ገና በግንቦት፣ ቀዬውን ለቆ ሳይወጣ በፊት፣ ስሙ በአባቱ መታወቂያ ላይ በተጨማሪ አባልነት መመዝገቡን የሚያረጋግጥለት የቀበሌው ጤና ኬላ ነው።