ለኤዲቲንግ የሚሆን የቪዲዮ ፎርማት አመራረጥ

እያንዳንዱ የቪዲዮ ፋይል መያዣና ኮዴክ አለው። በስሙ ጫፍ የሚነበበው ኤምፒ4፣ ኤምኦቪ፣ ኤቪአይ ወይም ኤምኤክስኤፍ የመያዣው ዓይነት ነው፤ ምስሉ የታመቀበት ዘዴ ደግሞ ኮዴክ ይባላል። ሁለት ፋይሎች ሁለቱም ኤምፒ4 ሆነው አንዱ በኤች.264፣ ሌላው በኤች.265 ከታመቀ፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ የመጀመሪያው ያለ ችግር ሲሄድ ሁለተኛው ሊቆራረጥ ይችላል። ልደታ አካባቢ የጥር ሰርግ የሚቀርጽ ቪዲዮ ቤት ከሁለት ካሜራና ከሚዜ ስልክ የመጣ ፋይል ሲረከብ፣ መጀመሪያ ማጣራት ያለበት ኮዴኩን ነው።

አብዛኞቹ ካሜራዎችና ስልኮች የሚቀርጹት በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው ኤች.264 ወይም ከ10 ዓመት በኋላ በተከተለው ኤች.265 ነው። ሁለቱም አንድ ሙሉ ፍሬም ይመዘግቡና ቀጥለው በሚመጡት ፍሬሞች ላይ የተለወጠውን ብቻ ይጽፋሉ። ልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተክሊል ሲፈጸም ካሜራው ማቆሚያ ላይ ከሆነ፣ ግድግዳው ስለማይንቀሳቀስ ደጋግሞ መመዝገብ አያስፈልገውም፤ ፋይሉም ያንሳል። ዘዴው ለማየት ግሩም ነው፤ ለመቁረጥ ግን አይመችም። ኤዲተሩ መሃል ላይ ባቆመ ቁጥር ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ ወዳለው ሙሉ ፍሬም ተመልሶ ምስሉን ማስላት አለበት። ኤች.265 የተሻለ ቦታ ይቆጥባል፤ ስሌቱ ግን ይበልጥ ይከብዳል።

አቪድ በ2004 ያወጣው ዲኤንኤክስኤችዲ እና አፕል በ2007 ያወጣው ፕሮሬስ የተሠሩት ለኤዲቲንግ ነው። እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ስለሚታመቅ የትም ቢቆረጥ ወዲያው ይገኛል። ዋጋው የዲስክ ቦታ ነው። በሴኮንድ 50 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ ለ1 ሰዓት 22.5 ጊጋባይት ሲወስድ፣ ፕሮሬስ 422 በሙሉ ኤችዲና በ25 ፍሬም 55 ጊጋባይት ያህል ይፈልጋል። 12 ሰዓት የተቀረጸ ሰርግ ወደ 660 ጊጋባይት ይጠጋል ማለት ነው። ለአነስተኛ ቪዲዮ ቤት የሚሻለው ፕሮክሲ የሚባለው ቀለል ያለ ቅጂ ነው፤ በፕሮሬስ ፕሮክሲ 1 ሰዓቱ 17 ጊጋባይት ያህል ብቻ ይይዛል። ቆረጣው በዚህ ቅጂ ላይ ይሠራል፤ በኤክስፖርት ጊዜ ፕሮግራሙ ወደ ዋናው ፋይል ይመለሳል።

ፋይልን ወደ ፕሮሬስ መለወጥ ጥራት ይጨምራል የሚለው እምነት ግን ስህተት ነው፤ ካሜራው ያልመዘገበውን ማንም ሊመልሰው አይችልም። ባለ 8 ቢት ምስል ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃ፣ ባለ 10 ቢት ደግሞ 1,024 ደረጃ አለው። የቀትር ፀሐይ ያረፈበት ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ቀለሙ ሲስተካከል ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ካሜራው ከፈቀደ ከመጀመሪያው በ10 ቢት መቅረጽ ይገባል።

የፍሬም ፍጥነትም ከፎርማቱ እኩል ትኩረት ይፈልጋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ በ25 ፍሬምና በ1/50 ሹተር የተቀረጸ ምስል ላይ የመብራት ብልጭታ አይታይም። ብዙ ስልኮች ደግሞ የፍሬም ፍጥነታቸው ወጥ አይደለም፤ በረጅም ቀረጻ ላይ ድምፁ ከከንፈር እየራቀ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ፋይል እንደ ሀንድብሬክ ባለ ነፃ ፕሮግራም ወደ ወጥ ፍጥነት ቀይሮ ማስገባት ብዙ ድካም ያስቀራል።

ኤምፒ4 አንድ ከባድ ድክመት አለው። የፋይሉ ማውጫ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ቀረጻው ሲያበቃ ስለሆነ፣ ስብከት ወይም ጉባኤ በኮምፒውተር ሲቀዳ መብራት ከጠፋ ፋይሉ ላይከፈት ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር በኤምኬቪ መቅዳት ይሻላል፤ እስከተቋረጠበት ድረስ ያለው ይተርፋል። አንዳንድ የኤዲቲንግ ፕሮግራሞች ኤምኬቪን ስለማይቀበሉ፣ በኋላ ምስሉን እንደገና ሳያምቁ መያዣውን ብቻ ወደ ኤምፒ4 መለወጥ ይቻላል።

ለተመልካች የሚላከው ኤች.264 ምስልና ኤኤሲ ድምፅ ያለው ኤምፒ4 ይሁን። ዩቲዩብ ለሙሉ ኤችዲ በ25 ፍሬም የሚመክረው በሴኮንድ 8 ሜጋቢት ነው። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፋይል መላክ አለበት፤ እንደ ቪዲዮ ከተላከ እንደገና ይታመቃል። ካሜራው የቀረጸው ዋናው ፋይል ግን በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ሳይገለበጥ ሚሞሪ ካርዱ አይደምሰስ።