በማልያው ላይ የአያት ስም

ከደባርቅ ተነስቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የወረደ መንገደኛ ዛሪማ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ጋቢውን መግፈፍ ነው። ብርዱ ተራራው ላይ ቀርቷል፤ ቆላው ጀምሯል። እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ ጋቢዬን ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ ምሳ ቤት ገባሁ። ጥግ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የጀርመን እግር ኳስ ያሳያል። አረንጓዴ ለባሹ የቀኝ መስመር ተከላካይ ጀርባውን ለካሜራው ሲሰጥ፣ ከ23 ቁጥር በላይ በላቲን ፊደል «ገብረ ሥላሴ» የሚል ይነበባል። ምግብ የያዘው ልጅ ቆም አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ የኛ ሰው ነው እንዴ?»

«አባቱ ከኛ ነው፤ እሱ የቼክ ሰው ነው» አልኩት።

«ስሙስ?»

«ቴዎዶር። በእኛ አፍ ቴዎድሮስ በለው። ገብረ ሥላሴ አያቱ ነው።»

«እንዴ! የሚሮጠው እሱ፣ የሚጠራው አያቱ?»

መልስ አልነበረኝም፤ ሾፌሩም ጡሩምባውን እየነፋ ነበር። ልጁ ግን ነገሩን ከሥሩ ይዞታል። እዚህ አገር ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ የአባቱ ስም ይከተላል፣ የአያቱ ሦስተኛ ሆኖ መታወቂያ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ በላይ ያለውን አዛውንት ካልቆጠረው ማንም አያነሳውም። አውሮፓ ሲገባ ግን የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይረጋል። በእኛ ደንብ ቢሆን ማልያው ላይ «ቴዎድሮስ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ለሰሜን ጎንደር ሰው ደግሞ ይህ ስም ሩቅ አይደለም። ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርጎ፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሯት ደረስጌ ማርያም ተቀብቶ ቴዎድሮስ የተባለው እዚሁ ሰሜን ተራራ ላይ፣ በ1855 ነው። ይህም ሆነ ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ ታኅሣሥ 24 ቀን 1986 በያኔዋ ቼኮዝሎቫኪያ፣ ትርዤቢች በምትባል የሞራቪያ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሕክምና ሊማር ከኢትዮጵያ ሄዶ እዚያው የቀረ ሐኪም ነው፤ እናቱ ቼክ ናት። ያን ጊዜ ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ለትምህርት የሄደ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። አንዳንዱ ዲግሪውን ይዞ ተመለሰ፤ አንዳንዱ ትዳር መሥርቶ፣ በረዶ ለምዶ ቀረ። የቴዎዶር ስም በስፖርት ዜና ብዙ ጊዜ ስለተነሳ «የኃይሌ ዘመድ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ አልቀረለትም። ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2007ም በ2008ም የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው በርሊን ላይ ስለሆነ፣ ጀርመኖች ስሙን አስቀድመው ያውቁታል። ዝምድና ግን የላቸውም። ገብረ ሥላሴ ማለት የሥላሴ አገልጋይ ማለት እንደሆነ፣ በዚህ ስም የተጠመቀም በየደብሩ እንዳለ ለጀርመን ጋዜጠኛ ማስረዳት ቀላል አይመስለኝም።

ሥራው የቀኝ መስመር ተመላላሽነት ነበር። በእግር ኳስ ውስጥ ምስጋናው ከድካሙ በታች የሆነ ቦታ ቢፈለግ ይህ ነው። አጥቂ አንድ ኳስ አግብቶ ሰማንያ ደቂቃ ቢተኛ ይወደሳል። የመስመር ተከላካይ ግን ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞ ይወጣል፣ ያሻማል፣ ኳስ ሲነጠቅ ያንኑ መንገድ በሩጫ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ብቻ ዘግይቶ ቢመለስ ከጀርባው በተከፈተው ቦታ ጎል ይገባና በቴሌቪዥን እየተደጋገመ የሚታየው የእሱ ጥፋት ይሆናል። ሊማሊሞን በቀን ሃያ ጊዜ እንደመውጣትና እንደመውረድ ያለ ነገር ነው። ገብረ ሥላሴ በዚህ ላይ አንድ የራሱ ችሎታ ጨምሮበታል፤ ኳስ ከግራ መስመር ሲሻማ ሳይታይ ወደ ሩቁ ቋሚ ይደርስና በግንባሩ ይገጭ ነበር። ተጋጣሚ አጥቂዎቹን እየጠበቀ እሱን ይረሳው ነበር።

ጉዞው ዝግ ያለ ነበር። በትውልድ ከተማው አቅራቢያ ካለችው ይህላቫ ክለብ ጀመረ። ከዚያ ታላቁ ስላቪያ ፕራግ ወሰደው፤ ግን ቋሚ ተሰላፊ መሆን አልቻለም። ትልቅ ክለብ ገብቶ ወንበር ላይ ያረጀ ወጣት ስንቱ ነው! እሱ በ2009 አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ በሰሜን ድንበር አካባቢ ወዳለችው ሊቤሬጽ፣ ወደ ስሎቫን ክለብ ሄደ። በእኔ ግምት የሥራ ዘመኑ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው፤ በየሳምንቱ መጫወት ያገኘው እዚያ ነውና። ሰኔ 2011 ጃፓን ውስጥ ከፔሩ ጋር በተደረገ ጨዋታ የቼክን ብሔራዊ ቡድን ማልያ ለበሰ፤ በዚያ ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋችም ሆነ። በ2012 ግንቦት ሊቤሬጽ በመጨረሻው ቀን ከተፎካካሪው ቪክቶሪያ ፕልዘን ጋር ያለ ጎል ተለያይቶ የሊጉን ዋንጫ አነሳ።

ከዚያ የአውሮፓ ዋንጫ መጣ። የመጀመሪያው ጨዋታ ፖላንድ፣ ቭሮትስዋፍ ውስጥ ከሩሲያ ጋር ነበር፤ ቼኮች 4 ለ 1 ተሸነፉ። ከሩሲያ ደጋፊዎች መካከል ገብረ ሥላሴ ላይ የዘረኝነት ጩኸት አሰምተዋል የተባሉ ነበሩ፤ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበርም ጉዳዩን መመርመር ጀመረ። ከአራት ቀን በኋላ ግን ከግሪክ ጋር ጨዋታው ገና በስድስተኛው ደቂቃ ላይ ሳለ ከቀኝ ያሻማውን ኳስ የቡድን ጓደኛው ፒላርዥ አገባው፤ 2 ለ 1 አሸነፉ። ፖላንድንም 1 ለ 0 ረትተው፣ ካገቡት ይልቅ የገባባቸው በልጦ ሳለ (4 አግብተው 5 ተቆጥሮባቸው) ምድባቸውን በአንደኝነት ጨረሱ። ሩብ ፍጻሜ ላይ ፖርቹጋል፣ ይልቁንም ሮናልዶ፣ በ79ኛው ደቂቃ በግንባር በመታት ኳስ አሰናበታቸው።

ያ ክረምት ሳያልቅ ቨርደር ብሬመን አስፈረመው። የመጀመሪያ የቡንደስሊጋ ጨዋታው የውድድር ዓመቱ መክፈቻ ነበር፤ ነሐሴ 24 ቀን 2012፣ ከሻምፒዮኑ ቦሩስያ ዶርትሙንድ ጋር፣ በዶርትሙንድ ሜዳ። ሮይስ ቀድሞ ለባለሜዳዎቹ አገባ። ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው አዲሱ የቀኝ ተከላካይ ወደፊት ወጥቶ በግንባሩ አቻ አደረገ። ደስታው ብዙ አልቆየም፤ ከደቂቃዎች በኋላ ጎትዘ አግብቶ ብሬመን 2 ለ 1 ተረታ። ከመጀመሪያው ጨዋታ የተረፈችው ያቺ ጎል የቀጣዩን ዘጠኝ ዓመት ጠባይ ያሳየች ይመስለኛል፤ እሱ ድርሻውን ይሠራል፣ ክለቡ ይሸነፋል።

ብሬመን በ2004 የሊጉንም የጥሎ ማለፉንም ዋንጫ ጠቅልሎ የወሰደ ክለብ ነው። ገብረ ሥላሴ የደረሰው ግን ቤቱ መፍረስ ሲጀምር ነው። ለዓመታት ያሠለጠኑት ቶማስ ሻፍ በ2013 ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ አሠልጣኝ ቶሎ ቶሎ ተቀያየረ። በ2016 ከመውረድ የተረፉት በመጨረሻው ቀን፣ ከፍራንክፈርት ጋር፣ በ88ኛው ደቂቃ በተቆጠረች ጎል ነው። በ2020 ከሃይደንሃይም ጋር በደርሶ መልስ ማጣሪያ 0 ለ 0 እና 2 ለ 2 ወጥተው፣ ከሜዳ ውጭ ያገቡት ተቆጥሮላቸው ዳኑ። የተሻለ ቦታ የሚፈልግ ተጫዋች በዚህ ሁሉ መሃል ሻንጣውን ይይዛል። እሱ ቀረ። ለብሬመን ከ200 በላይ የቡንደስሊጋ ጨዋታ አደረገ፤ ደጋፊውም ረጅሙን ስም ትቶ «ቴዎ» ይለው ነበር። የአያቱ ስም ማልያው ላይ፣ የራሱ ስም ሰው አፍ ላይ ሆነ ማለት ነው።

«ለምን ለኢትዮጵያ አልተጫወተም?» የሚል ጥያቄ፣ በተለይ ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ በ2013 ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ፣ በየቡና ቤቱ ይሰማ ነበር። በወቅቱ ግን ደንቡ ዘግቶበታል፤ በአውሮፓ ዋንጫ ለአንድ አገር የተሰለፈ ተጫዋች ሌላ አገር መምረጥ አይችልም። ከደንቡም በፊት ግን ትርዤቢች ተወልዶ በቼክኛ ያደገ ልጅ አገሩ ቼክ ነው ቢል ምን ያስወቅሰዋል? ስዊድን ያደገው ዋሊድ አታ በበኩሉ ዋልያዎቹን መርጧል። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የሄዱት ኤሊ ዳሳም ሆላንድና ሩሲያ ሲጫወት የለበሰው የእስራኤልን ብሔራዊ ማልያ ነው።

ግንቦት 22 ቀን 2021 ብሬመን በሜዳው በቦሩስያ ሞንሸንግላድባህ 4 ለ 2 ተሸንፎ ወረደ። ገብረ ሥላሴ ወደ ሊቤሬጽ፣ መጀመሪያ ቦታ ወደሰጠው ክለብ ተመለሰና የመጨረሻ ጨዋታዎቹን እዚያ አደረገ። ብሬመን በወረደበት የውድድር ዓመት የጎንደሮቹ አፄዎች፣ ፋሲል ከነማ፣ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ወስደዋል። ያን ሰሞን ጎንደር ላይ ስለ ብሬመን መውረድ ያነሳ ሰው አልገጠመኝም።