ማኑዋል ወይስ አውቶማቲክ? ደንገጎን ለሚወርድ ሰው

ሐረር ላይ የፊልድ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ወዳጆቹን ቢያማክር ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ለዳገት ማኑዋል ነው» የሚል ምክር ነው። አባባሉ ከልምድ የመጣ ነው። ለአሥርት ዓመታት የከተማዋ ታክሲ ሆነው ያገለገሉት ፔጆ 404ዎች ማርሻቸው ከመሪው ሥር የሚቀየር ማኑዋል ናቸው። የእርዳታ ድርጅቶች ወደ ገጠር የሚወጡባቸው ላንድክሩዘር 70ዎችም በአብዛኛው ማኑዋል ናቸው፤ ቶዮታ ለዚህ መኪና 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተርና ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው።

ምክሩ ግን የሳተው ነገር አለ። አውቶማቲክ የሚፈተነው ዳገት ላይ አይደለም። ምርጫውን መወሰን ያለባቸው ቁልቁለቱና ጋራዡ ናቸው።

በማኑዋል መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ይለያያሉ፤ ሲለቀቅ የፍሪሲዮኑ ሸራ ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ብረት ይይዝና ኃይሉን ያስተላልፋል። በአብዛኞቹ አውቶማቲክ የፊልድ መኪኖች በፍሪሲዮኑ ቦታ በዘይት የተሞላ ቶርክ ኮንቨርተር አለ። ሞተሩ ዘይቱን ይወነጭፈዋል፣ የተወነጨፈው ዘይት ደግሞ ካምቢዮውን ያዞራል። መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ይህ ዕቃ የሞተሩን የማዞር ጉልበት ወደ እጥፍ ሊያሳድገው ይችላል።

ይህ ሐረር ላይ ትልቅ ትርጉም አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር 17 በመቶ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። የ70ው ላንድክሩዘር ነባር 4.2 ሊትር ናፍጣ ቱርቦ የለውም። ዕቃ ጭኖ ዳገት ላይ ሲነሳ ሹፌሩ ነዳጅ እየሰጠ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይይዛል፤ ሸራው እየተንሸራተተ ይግላል፣ የሚቃጠል ጎማ የመሰለ ሽታም ይመጣል። በሐረር በር ገብቶ በባጃጁና በእግረኛው መካከል ወደ ፈረስ መጋላ የሚያዘግም ሰውም በየጥቂት ሜትሩ ይህንኑ ይደጋግማል። ለእንዲህ ያለ ሥራ አውቶማቲክ ይሻላል ብዬ ያለማመንታት እናገራለሁ። እግርም ያርፋል፣ ሸራም አያልቅም።

ቁልቁለቱ ሌላ ነው። ከሐረር በአወዳይ፣ በሐረማያና በአዴሌ አልፎ ደንገጎ የደረሰ መኪና ከዚያ ጀምሮ በጠመዝማዛ መንገድ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ40 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ የተወሰነውን ጎማውና አየሩ ይወስዱታል። የቀረውን ሞተሩ ካልያዘው ፍሬኑ ላይ ያርፋል፤ ፍሬን ከመጠን በላይ ሲግል ደግሞ መያዙን ይተዋል።

ማኑዋል ላይ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ እግርን ከነዳጅ ላይ ማንሳት ነው፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል። አውቶማቲክ ግን «ዲ» ላይ ከተተወ ብዙ ጊዜ ከፍ ወዳለ ማርሽ ይሄድና መኪናው ይለቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዘንጉን ወደ 3፣ ወደ 2 ወይም ወደ «ኤል» ማውረድ፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ካለውም በመቀነሱ ማርሽ መቀነስ። ብዙ ባለ አውቶማቲክ እነዚህን ፊደሎች አንድ ቀን እንኳ ነክቷቸው አያውቅም፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል። ከዚህ የባሰው ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መውረድ ነው። በኢንጀክሽን የሚሠራ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ነዳጁን ይዘጋል፤ ዜሮ ላይ ግን እንዳይጠፋ ነዳጅ ያቃጥላል። ስለዚህ ዜሮ ማድረጉ ቁጠባም የለው፣ ሕይወት ግን ይቀጥፋል።

ከአስፋልት ወጥቶ ለሚሠራ ሰው መልሱ ይለወጣል። ከሐረር በስተምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ካለችው ባቢሌ አልፎ ወይም ወደ ዝሆኖቹ መጠለያ፣ ወደ ኤረርና ጎበሌ ሸለቆዎች የሚወርድ መኪና ደረቅ የወንዝ አሸዋ ይጠብቀዋል። አሸዋ ላይ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ሲረገጥ ኃይሉ ለቅጽበት ይቋረጣል፣ መኪናውም ይሰምጣል፤ አውቶማቲክ ኃይሉን ሳያቋርጥ ስለሚቀይር እዚህም ይበልጣል። ነገር ግን በዝግታ፣ በሙቀት፣ ለረጅም ጊዜ ሲገፋ ዘይቱ ይግላል፤ የጋለ ዘይት ካምቢዮውን ይገድላል። ባትሪ ቢሞት ማኑዋሉን ገፍቶ ማስነሳት ይቻላል፣ አውቶማቲኩን አይቻልም። ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው መሬት እየነካ ቢጎተትም ዘይቱን የሚረጨው ፓምፕ ስለማይሠራ ካምቢዮው ሊበላሽ ይችላል።

ጋራዡ የሚመዝነውም እዚህ ላይ ነው። የፍሪሲዮን ሸራ መቀየር የተለመደ ሥራ ነው፣ ለነባር ቶዮታዎችም ዕቃው አይጠፋም። አውቶማቲክ ካምቢዮ መፍታት ግን የተለየ መሣሪያና እጅ ይፈልጋል፤ መኪናው ተጭኖ አዲስ አበባ ይሂድ ከተባለ መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ኑሮው ከተማና አስፋልት የሆነ ሰው አውቶማቲክ ይግዛ። ሳምንቱን ገጠር የሚያሳልፍ፣ ቢቆም የሚጎትተው የሌለው ሰው ደግሞ ማኑዋሉን ይያዝ።

ሲገዙ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። «አራት ጎማ ነጂ አውቶማቲክ» የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ኒሳን ኤክስትሬይልን በመሳሰሉት ብዙዎቹ ላይ ያለው ሲቪቲ የሚባለው በቀበቶ የሚሠራ ካምቢዮ ነው፤ እንደነዚህ ያሉት ዝቅተኛ ማርሽ፣ ማለትም «ፎር ኤል» የላቸውም። ለአስፋልትና ለጠጠር መንገድ ይበቃሉ፤ ለድንጋይ ዳገትና ለወንዝ አሸዋ ግን አልመክራቸውም። ትንሿ ሱዙኪ ጂምኒ በማኑዋሉም በአውቶማቲኩም እውነተኛ ዝቅተኛ ማርሽ አላት።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ገዢው በአብዛኛው የሚመርጠው አገር ውስጥ ካሉት ያገለገሉ መኪኖች ነው። (ኤሌክትሪኩ የሚቀያየር ማርሽ የለውም፤ ደንገጎን ሲወርድም ባትሪው ሞልቶ ካልጀመረ ራሱን እየሞላ ይወርዳል።) የቀድሞው ባለቤት ካምቢዮውን እንዴት እንደያዘው ማወቅ ስለዚህ ከማርሹ ዓይነት እኩል ዋጋ አለው።

ማኑዋሉን ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ አጥብቀው ይስጡት፤ ሞተሩ ጮሆ ፍጥነቱ ካልጨመረ ሸራው አልቋል። አውቶማቲኩን ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ይዩት። ፍሬን ይዘው ወደ «ዲ» ከዚያም ወደ «አር» ሲያስገቡ ከአንድ ሁለት ሰከንድ በላይ ከዘገየ ወይም ከደነገጠ ይተዉት። የዘይት መለኪያ ካለው አውጥተው ነጭ ጨርቅ ላይ ይጥረጉት፤ ቀይ ወይም ቀላ ያለ ጥሩ ነው፣ የጠቆረና የተቃጠለ የሚሸት ግን ካምቢዮው ውስጥ ያሉት ሸራዎች እየተበሉ መሆኑን ይናገራል። ከዚያ ወደ ጠጠር መንገድ ወጥተው፣ መኪናውን አቁመው «ፎር ኤል» ያስገቡ። ከተማ ውስጥ የኖረ መኪና ለዓመታት ሳይነካ ቆይቶ እዚያው ተጣብቆ ይገኛል። ይህን ሙከራ ደረቅ አስፋልት ላይ አያድርጉት፤ የፊትና የኋላ ጎማዎች ሲታጠፉ እኩል ስለማይዞሩ ጥርሶቹ ይጨናነቃሉ።