ሬዲዮው ያላወጣው ድምፅ

ጉዱ ካሳን ወይም ፊታውራሪ መሸሻን ስናስብ ለብዙዎቻችን ከመልካቸው በፊት የሚመጣልን ድምፃቸው ነው። ድምፁ ደግሞ የደራሲው የሐዲስ ዓለማየሁ ሳይሆን በ1982 ዓ.ም. ያረፈው ተዋናይ የወጋየሁ ንጋቱ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት በወጋየሁ ከተተረከ በኋላ፣ ማንበብ ለማይችለውም የሚደርስ ሥራ ሆነ። ለመሆኑ አንድ ድምፅ በአድማጭ አእምሮ ውስጥ ይህን ያህል ሥር የሚሰደው እንዴት ነው?

ምሳሌያችንን ራቅ ካለ ቦታ እንውሰድ። በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ የምትገኘው አብርሃ ጅራ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ዙሪያዋ የሰሊጥ እርሻ ነው፤ በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ ብዙ ነው። በመካከለኛ ሞገድ የሚሠራጭ ትረካ እንዲህ ላለ ስፍራ በቀን ደክሞ በማታ የሚጠራበት ምክንያት አለው። በቀን የፀሐይ ጨረር የሚፈጥረው የታችኛው የአዮኖስፌር ንብርብር ሞገዱን ይመጥጠዋል። ማታ ይህ ንብርብር ስለሚከስም ሞገዱ ከበላዩ ካለው ንብርብር ተንጸባርቆ ወደ ምድር ይመለሳል። የማታው ሰማይ ድንበር አያውቅምና፣ በመተማ ቆላ የአማርኛው ትረካና የዐረብኛው ዜና በአንድ ሬዲዮ ላይ ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ።

ሞገዱ ደረሰ እንበል። ቀጥሎ ያለው እንቅፋት ሬዲዮው ራሱ ነው። የጎልማሳ ወንድ የድምፅ አውታሮች በንግግር ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ100 እስከ 130 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። ለስሌት እንዲመቸን የአንድ ተራኪ መሠረታዊ ድግግሞሽ 110 ሄርዝ ይሁን። ከዚህ ጋር ብዜቶቹ፣ ማለትም 220፣ 330፣ 440፣ 550 ሄርዝና ከዚያም በላይ ያሉት አብረው ይወጣሉ። መዳፍ የምታህል ሬዲዮ ግን የድምፅ ማጉያዋ ትንሽ ስለሆነ ከ200 ወይም ከ300 ሄርዝ በታች ያለውን ድምፅ በሚገባ ማውጣት አትችልም። እንግዲህ የወፍራሙ ድምፅ መሠረት ከሬዲዮዋ አልወጣም ማለት ይቻላል። አድማጩ ግን ይሰማዋል! በቀሩት ብዜቶች መካከል ያለው ልዩነት ምንጊዜም 110 ስለሆነ፣ የመስማት ሥርዓታችን ይህን እኩል ልዩነት ይዞ የጠፋውን መሠረት ራሱ ይተካዋል። ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ብቻ በሚያስተላልፈው የተለመደ ስልክ የአባታችንን ወፍራም ድምፅ የምንለየውም በዚሁ መንገድ ነው። በእኛ አስተያየት በድምፅ ሳይንስ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ አስደናቂ ነገር ጥቂት ነው፤ አድማጭ የሚወደው የተዋናይ ግርማ ከፊሉ በአድማጩ በራሱ የተሠራ ነውና።

ውፍረት ብቻውን ግን ተራኪ አያደርግም። ከአውታሮቹ የተነሣው ድምፅ በጉሮሮና በአፍ ሲያልፍ ይቀረጻል፤ የዚህ ቱቦ ርዝመት በጎልማሳ ወንድ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ተራኪው ማንቁርቱን ዝቅ አድርጎ ከንፈሩን ሲያሞጠሙጥ ቱቦው ይረዝምና ተናጋሪው ግዙፍ ይመስላል፤ ተቃራኒውን ሲያደርግ ትንሽ ሰው ይሆናል። አንድ ሰው ባላባትንና ሎሌን አከታትሎ ሊሆን የሚችለው በዚህ ዘዴ ጭምር ነው። በአማርኛ ደግሞ ተጨማሪ ሥራ አለበት። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም፤ «አለ» ሲላላ መናገርን፣ ሲጠብቅ መኖርን ያመለክታል፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ግን ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል። ስለዚህ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው በገጹ ላይ ያልተጻፈውን በየመስመሩ ይወስናል።

አድማጭም በበኩሉ ይፈርዳል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቲ. ኤች. ፒር 9 ሰዎች በቢቢሲ እንዲያነቡ አድርጎ፣ ከ4000 በላይ አድማጮች ስለማያዩአቸው አንባቢዎች የሰጡትን ግምት እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ ተንትኗል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ጥናትም 64 ሰዎች «ሄሎ» ሲሉ የተቀዳውን ድምፅ ለ320 አድማጮች አሰምቶ፣ ማን የሚታመን፣ ማን የሚገዝፍ እንደሚመስል ግምታቸው በእጅጉ እንደሚቀራረብ አሳይቷል። መስማማት ግን እውነት ማግኘት አይደለም። ከጎልማሳ ወንዶች መካከል የድምፅ ውፍረት ቁመትን የሚያመለክተው እጅግ በደካማው ነው፤ ማንቁርት በጉርምስና የሚያድገው በሆርሞን ግፊት እንጂ ከአጥንት ርዝመት ጋር እኩል እየሄደ አይደለምና። በሬዲዮ ግዙፍ አድርገን የሣልነው ተዋናይ በአካል ሲታይ ደቃቃ ቢሆን ስሕተቱ የእኛ ነው።

ትረካዎቹ ከማግኔት ክር ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ስልክ ሚሞሪ እየተገለበጡ እስከ ዛሬ ይሰማሉ። በማግኔት ክር ላይ የሚደረግ እያንዳንዱ ግልባጭ ሽውታን ይጨምራል፤ ከሁሉ በፊትም ከፍተኛ ድግግሞሾችን ይቀንሳል። የታችኛውን ጆሮ ይተካዋል ብለናል፤ ለላይኛው ግን እንዲህ ያለ ስሌት የለውም። የ«ሰ» ድምፅ ጉልበት በአብዛኛው ከ4000 ሄርዝ በላይ ነው፤ ይህ ሲቆረጥ ከ«ፈ» መለየቱ ያስቸግራል። መጽሐፉን አስቀድሞ ያነበበ ሰው የጎደለውን ከዐረፍተ ነገሩ አሟልቶ ያልፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ተማሪ ግን ከስንተኛው ግልባጭ ላይ እንደሚያዳምጥ እንኳ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።