ሞተር የሌለው ባቡር

«መብራት ቢጠፋስ?»

የጠየቀው የወላይታዋ ቦዲቲ ልጅ፣ አብሮ አደጌ ነው። ጆሃንስበርግ፣ ጎልድ ሪፍ ሲቲ በሚባለው የመዝናኛ ስፍራ ወረፋ ይዘን ቆመናል። ከራሳችን በላይ በሐዲድ ላይ የተንጠለጠሉ ሰዎች እግራቸውን አየር ላይ እንዳወራጩ እየጮኹ ያልፋሉ። ከአምስታችን አንድም የሳቀ አልነበረም። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ያደገ ሰው ስለ መብራት የሚጠይቀው ከልቡ ነው፤ ጥያቄውም ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ለዚህ ማሽን መጀመሪያ ሊቀርብለት የሚገባው ጥያቄ እሱ መሆኑን የተረዳሁት አሠራሩን ካጠናሁ በኋላ ነው።

ወደዚያ የሄድነው አስበንበት አልነበረም። እኔ ለሁለት ሳምንት እንግዳ ሆኜ ሄጄ ጓደኞቼ ዘንድ አርፌያለሁ። ዕለቱ መስከረም 14 ነው፤ ደቡብ አፍሪካውያን የቅርስ ቀን ብለው የሚያከብሩት፣ በየግቢው ሥጋ የሚጠበስበት በዓል። እኛ ደግሞ በዚያው ሰሞን የሚውለውን የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታን፣ እያሰብን፣ አገር ቤት ለበዓሉ በሬ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ሲያጠራቅም የከረመውን ቤተሰብ እያነሣን ቡና እንጠጣለን። አንዱ ድንገት ብድግ አለና «ሰባት ዓመት እዚህ ኖሬ ሱቅና መኝታ ቤት እንጂ ሌላ አላየሁም፤ ዛሬ ሱቁ ተዘግቶ ይዋል» አለ። በአንዲት መኪና ተጠጋግተን ወጣን። ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ተሰብስበው የሚሠሩበትን፣ የመንገዱ ስም ከተለወጠ በኋላም «ጄፒ» እያሉ የሚጠሩትን ሰፈር አልፈን ወደ ደቡብ ስንታጠፍ፣ ከሕንጻዎቹ መሀል የብረት ተራራ ብቅ አለ።

ያ የብረት ተራራ ሮለር ኮስተር ነው። ባቡር ይመስላል፤ ሐዲድና ጎማ አለው፣ ሰው ተሰልፎ ይሳፈርበታል። ባቡር የሚያሰኘው ዋናው ነገር ግን የለውም። ሞተር የለውም።

ቦዲቲ ያደገ ልጅ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ልጆች ሳለን የኩሽኔታ ጋሪ እንሠራ ነበር። ከጋራዥ የተጣለ አሮጌ ኩሽኔታ፣ አንድ ሳንቃ፣ ለመሪ የሚሆን አጭር እንጨት፣ ጥቂት ሚስማር፤ በቃ ይኸው ነው። ጋሪዋን ተሸክመን ዳገቱን እንወጣለን፤ ጫፍ ስንደርስ ተቀምጠንባት ቁልቁል እንለቃታለን። ኩሽኔታው አስፋልቱን ሲነካ የሚያወጣው ጩኸት ከሩቅ ይሰማል፤ እናቶችም በዚያ ድምፅ ነበር የት እንዳለን የሚያውቁት። ፍሬናችን ተረከዛችን ነው። ቁልቁል ስንበር ያገኘነው ፍጥነት ሁሉ ዋጋው አስቀድሞ ተከፍሏል፤ የከፈልነውም ጋሪዋን ተሸክመን ዳገቱን ስንወጣ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ የፊዚክስ መምህራችን ይህንኑ ነገር በፊደልና በቁጥር ሰሌዳው ላይ ጻፉልን፤ እኛም ሸመደድነው። ስለ ጋሪያችን እየተማርን መሆኑን ግን የነገረን ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሮለር ኮስተር የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ሰዎቹ ከተቀመጡ በኋላ ከሐዲዱ ሥር ያለ ሰንሰለት ተሽከርካሪውን ይዞ ወደ መጀመሪያው ኮረብታ ይጎትተዋል። ሰንሰለቱን የሚያዞረው በመብራት የሚሠራ ሞተር ነው፤ ሞተሩ ግን መሬት ላይ ነው የሚቀረው፣ ከተሳፋሪው ጋር አይሄድም። ጫፍ ላይ ሰንሰለቱ ይለቃል። ከዚያ በኋላ ያለው መውረድ፣ መጠማዘዝ፣ መገልበጥ ሁሉ የመሬት ስበት ሥራ ነው። ከ30 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከአሥር ፎቅ ገደማ፣ የሚወርድ ተሽከርካሪ ሰበቃና ንፋስ ባይዙት ታች ሲደርስ በሰዓት 87 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። ወፍራም ሰው ጫነ ቀጭን፣ ስሌቱ ያው ነው። ሰበቃውና ንፋሱ ግን በየመንገዱ ትንሽ ትንሽ ይቀንሱለታል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ኮረብታ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም ይረዝማል፣ ተከታዮቹ እያጠሩ ይሄዳሉ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አስበልጦ የሠራ መሐንዲስ ሰዎቹን መሀል መንገድ ላይ ያስቀራቸዋል።

አሁን ወደ መብራቱ እንመለስ። ተሽከርካሪው ወደ ኮረብታው ሲጎተት «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሰው የሚፈራው ይህን ድምፅ ነው፤ እኔም ፈርቼዋለሁ። በእውነቱ ግን የሚያድነው እሱ ነው። ከተሽከርካሪው ሥር የተንጠለጠለ የብረት ምላስ አለ፤ ከሐዲዱ ጎን እንደ መጋዝ በተደረደሩ ጥርሶች ላይ እየዘለለ ወደ ላይ ያልፋል፣ ወደ ታች ግን ጥርሱ ይይዘዋል እንጂ አያሳልፈውም። ብስክሌት የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ ፔዳሉን ሲያቆሙት የኋላው ጎማ ውስጥ የሚንጣጣው ነገር ዘመዱ ነው። ሰንሰለቱ ቢበጠስ ወይም መብራት ቢጠፋ ተሽከርካሪው አንድ ጥርስ እንኳ ወደ ኋላ ሳይመለስ እዚያው ይቆማል።

መጨረሻ ላይ ያለው ፍሬንም እንዲሁ ነው። በብዙዎቹ ላይ ፍሬኑ በስፕሪንግ ጉልበት ጥርሱን እንደነከሰ ይቀመጣል፤ ለመልቀቅ ነው ጉልበት የሚያስፈልገው። መብራት ሲሄድ ይጨብጣል ማለት ነው። በአዳዲሶቹ ላይ ደግሞ የማግኔት ፍሬን አለ። ተሽከርካሪው ላይ ያለ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሳህን በኃይለኛ ማግኔቶች መሀል ሲያልፍ፣ ሳይነካካ፣ ፍጥነቱ ራሱ የሚይዘውን ኃይል ይፈጥራል። በፈጠነ ቁጥር አጥብቆ ይይዛል። ከግድግዳ መብራት ምንም አይፈልግም። የጓደኛዬን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠይቁት የኖሩ መሐንዲሶች የሰጡት መልስ ይኸው ነው፤ ማሽኑ ሲከዳህ መቆምን እንዲያውቅ አድርገህ ሥራው።

ታሪኩም ደስ ይላል። ሩሲያውያን በሴንት ፒተርስበርግ በክረምት ከእንጨት ረጅም ማማ ሠርተው፣ ውሃ እያፈሰሱበት በረዶ ሲለብስ፣ በሸርተቴ ይወርዱበት ነበር። ፈረንሳዮች ወደዱትና እ.ኤ.አ. በ1817 ፓሪስ ውስጥ ጎማ ባለው ጋሪ ሠሩት። ዛሬም ፈረንሳዮች ይህን ማሽን «የሩሲያ ተራሮች» ሲሉት፣ ሩሲያውያኑ «የአሜሪካ ኮረብታዎች» ይሉታል።

እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን የአሜሪካው ታሪክ ነው። ፔንሲልቫኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1827 ከማዕድን ማውጫ የድንጋይ ከሰል የሚያወርድ ሐዲድ ተዘረጋ። የተጫኑት ፉርጎዎች በራሳቸው ክብደት ቁልቁለቱን ይወርዳሉ፤ ባዶዎቹን ወደ ላይ የሚጎትቱት በቅሎዎች ናቸው። በቅሎዎቹም ሲወርዱ በራሳቸው ፉርጎ ተጭነው ነው የሚወርዱት፤ ሲወጡ ይጎትታሉ፣ ሲወርዱ ይሳፈራሉ። ይህን ያየ ሰው እኔንም ጫኑኝ ማለቱ አልቀረም። ቆይቶ ከሰሉ ቀረና ሐዲዱ ገንዘብ ከፍሎ የሚንሸራተት እንግዳ ብቻ ማመላለስ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1884 ላማርከስ ቶምፕሰን የተባለ ሰው ኒው ዮርክ ኮኒ አይላንድ ላይ ለመዝናኛ ብቻ የታሰበ ሐዲድ ከፈተ። ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዋጋው 5 ሳንቲም ነበር። ተሳፋሪው ማማውን በእግሩ ይወጣል፤ ልክ እንደኛ ጋሪ።

እኛ የቆምንበት ቦታም ማዕድን ማውጫ ነበር። ጆሃንስበርግ እ.ኤ.አ. በ1886 ወርቅ ተገኘ ሲባል በድንኳን የተጀመረች ከተማ ናት። ጎልድ ሪፍ ሲቲ የተሠራው ክራውን ማይንስ በተባለው የወርቅ ማውጫ 14ኛ ጉድጓድ ላይ ነው። ከሞዛምቢክ፣ ከሌሶቶ፣ ከማላዊ የመጡ ሰዎች በዚያ ምድር ሥር ወርቅ ቆፍረዋል። ዛሬ እዚያው ወጣቶች የላስቲክ ቦት ጫማ አድርገው፣ ጫማውን በእጃቸው እየመቱ ይጨፍራሉ፤ ጭፈራው ከማዕድን ሠራተኞቹ የተወረሰ ነው። ከጎኑ እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተው የአፓርታይድ ሙዚየም አለ። ሰው ቤቱን ጥሎ እንጀራ ፍለጋ የመጣበት ምድር ላይ፣ ቤታቸውን ጥለው እንጀራ ፍለጋ ከመጡ ጓደኞቼ ጋር ቆሜ ነበር። ይህን እያሰብኩ ወረፋው ደረሰን።

የተሳፈርንበት አናኮንዳ ይባላል። በዚህ ዓይነቱ ላይ ሐዲዱ ከላይ ነው፤ ተሳፋሪው እንደ ቆጥ ዶሮ ሳይሆን ከቆጥ ላይ እንደተሰቀለ ቅርጫት ነው፣ እግሩ የሚረግጠው ነገር የለም። ከትከሻ የሚወርደው መታጠቂያ ደረቴ ላይ ቀጭ ሲል ሠራተኛዋ መጥታ ወደ ላይ ሳበችው፤ አልተነቃነቀም። ሁለተኛ ሳበችው። ከዚያ አውራ ጣቷን አነሣች።

ጫፍ ላይ ስንደርስ የብረቱ ቀጭቀጭታ ቆመ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ጸጥታ ሆነ፤ ሩቅ ከወርቅ አፈር የተከመሩት ቢጫ ኮረብታዎች ታዩኝ። ከዚያ ወደቅን። ሆድ ባዶ የሚሆነው በከንቱ አይደለም። ዘወትር አንጀታችንና ጨጓራችን አንዱ በአንዱ ላይ ተጭኖ ነው የሚኖረው፤ ወንበሩም ከእኛ ጋር ሲወድቅ ያ ጫና በአንዴ ይነሣል፣ የሆድ ዕቃ ሁሉ ይንሳፈፋል። ታች ሲታጠፍ ደግሞ ተቃራኒው ነው። በእንዲህ ዓይነት ማሽኖች ላይ ሰው ለቅጽበት የክብደቱን ሦስትና አራት እጥፍ ይከብዳል፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሦስት ኩንታል ሊሞላ ምንም አይቀረውም።

ስንገለበጥ ግን አልወደቅንም። ውሃ የያዘ ባልዲ በክንዱ እያዞረ የተጫወተ ልጅ ምክንያቱን ያውቃል። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች መገልበጫውን ድፍን ክብ አድርገውት ነበር፤ ተሽከርካሪው ክቡ ውስጥ ሲገባ የሚመጣው ጫና የሰዉን አንገት ይጎዳ ስለነበር ተተወ። እ.ኤ.አ. በ1976 ቬርነር ሽቴንግል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ እንደ እንባ ጠብታ ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ አድርጎ ሠራው። ያን ጊዜ አንገት አረፈ።

ጎማዎቹ ከሐዲዱ የማይወጡትስ? ይህ የጆን ሚለር ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 የፈጠራ መብት ባገኘበት ዘዴ ከሐዲዱ በታችም ጎማ ጨመረ። ዛሬ እያንዳንዱ ተሽከርካሪ ሦስት ዓይነት ጎማ አለው፤ አንዱ ከላይ ክብደቱን ይሸከማል፣ አንዱ ከጎን ያቀናል፣ አንዱ ከሥር ሆኖ እንዳይነሣ ይይዛል። የአንድ እጅዎን አንጓ በሌላው እጅ ጨብጠው ይመልከቱ። እንደዚያ ነው ሐዲዱን የሚይዘው።

ከጎኔ የተቀመጠው ጓደኛዬ በወላይትኛ እናቱን እየጠራ ወረደ። ሲቆም ዓይኑ እንባ አቅሯል፤ ፊቱ ግን እንደዚያ ሲፈካ አይቼው አላውቅም። እሱ የሚሠራው ሎኬሽን በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ነው፤ ዳቦውንም ስኳሩንም በብረት ፍርግርግ ቀዳዳ እያሾለከ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2008፣ በ2015 እና በ2019 በውጭ አገር ሰዎች ላይ ጥቃት ሲነሣ የብዙ ወገኖቻችን ሱቅ ተዘርፏል። ማታ በር ሲንኳኳ ልቡ እንዴት እንደሚመታ ነግሮኛል። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ውሃ ስንጠጣ፣ «ይኼኛው ፍርሃት መውረጃ አለው» አለኝ። «ሁለት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ትወርዳለህ።» ተነሥቶ ተመልሶ ወረፋ ያዘ። በዚያ ቀን አራት ጊዜ ወጣ።

ማታ ቦዲቲ ደወልን። ስልኩን ያነሣው የአሥራ አንድ ዓመት ወንድሙ ነው። «ዮ ዮ ጊፋታ!» ተባባልን፤ ከዚያ ቪዲዮውን አየ። ስለ ጩኸቱ፣ ስለ ከፍታው አልጠየቀም፤ እንዴት ከሐዲዱ እንደማይወጣ ነው የጠየቀው። ጓደኛዬ ስልኩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ የግራ አንጓውን በቀኝ እጁ ጨበጠ። «ከላይ፣ ከጎን፣ ከሥር» አለው።

ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ አየ።

«የኔ ጋሪ ላይ ከሥር ኩሽኔታ ብጨምርስ?»

«ምኑን ይይዛል? አስፋልቱ ሥር መግባት አይችልም እኮ።»

«እንግዲያው» አለ ልጁ፣ «ከባሕር ዛፍ ሐዲድ እሠራለታለሁ።» ስልኩን ለእናቱ ሰጥቶ ሄደ።